ሰርዝ የሚለው ቁልፍ

ሰኞ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ደወሉልኝ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ እኔም ሐኪሞቹም እትዬ እንላቸዋለን። ኮምፒውተሩ ከዓርብ ጀምሮ እንደ ፌንጣ ሲጮህ ሰንብቶ ዛሬ አልነሣም ብሏል አሉኝ።

ሃርድ ዲስክ እንደዚያ ሲጮህ ሊሞት ነው ማለት ነው።

ክሊኒኩ ሀና ማርያም አካባቢ ያለ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ነው። ልጄ በሰባት ወሯ የሳምባ ምች ይዟት የተረፈችው እዚያ ነው። ያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ተሳልኩ። ልጄ ከዳነች በእጄ ያለውን ሙያ ለዚህ ቤት እሰጣለሁ አልኩ። ሙያዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ልጄ ዳነች። እኔም ለካርድ ክፍሉ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራሁ። ከዓመታት በኋላ ምድር ቤቱ ጎርፍ ገብቶበት የወረቀት ካርዶቹ ሲበላሹ፣ የልጆቹ የሕክምና ታሪክ በሙሉ በዚያ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ቀረ።

በታክሲ ስሄድ ቅጂ አለ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እትዬ በየወሩ መጨረሻ ፍላሽ ሰክተው ቅጂ ውሰድ የሚለውን ይጫናሉ። «በሚገባ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ፍላሹን ነቅለው በመሐረብ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። አንድም ወር አሳልፈው አያውቁም።

ፍላሹን በላፕቶፔ ከፈትኩት። ከሁለት ዓመት በፊት ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ አንድም ካርድ አልገባበትም። ፕሮግራሙ ግን በየወሩ «በሚገባ ተጠናቋል» ሲላቸው ኖሯል። መግባቱን ሳያረጋግጥ እንዲያ እንዲል አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም። የራስ መሸፈኛቸውን አስተካክለው «የረቡዕዋስ ልጅ?» አሉ።

የረቡዕዋ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት። ባለፈው ዓመት አንድ መድኃኒት ተጀምሮላት ቆዳዋ እስኪላጥ ድረስ አቃጥሏት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ዳግመኛ እንዳይሰጣት የመድኃኒቱ ስም ካርዷ ላይ ተጽፏል። የጻፈው ሐኪም አገር ለቆ ሄዷል። እናቷ ማንበብ አትችልም፤ የነበራት ወረቀትም ቤት ሲቀይሩ ጠፍቷል። አሁን የምትወስደው መድኃኒት ስላልያዘላት አዲሱ ሐኪም ረቡዕ ጠዋት ሊቀይርላት ቀጥሯታል። እትዬ ሐኪሙን ጠይቀውት ነበር። ሊቀይርላት ካሰባቸው ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ ያ ሊሆን ይችላል ብሏቸዋል። ቀጠሮውን እንዳያራዝሙት ደግሞ ልጅቷ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትወድቃለች።

ዲስኩን ከኮምፒውተሩ አውጥቼ በገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። እዚያው ቁጭ ብዬ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነበበ ወደ ላፕቶፑ የሚገለብጥ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። በችኮላ ነው የጻፍኩት። ስድስት ሰዓት ላይ አስነሣሁት። ዲስኩ ደክሟል፤ ጥቂት ያነብባል፣ ይንጫጫል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ያነብባል። ልጄን ለማምጣት ነፋስ ስልክ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። እትዬን ምንም እንዳይነኩ ለመንኳቸው።

ስመለስ የላፕቶፑ ስክሪን ጨልሟል።

እትዬ እንደ ጥፋተኛ ቆመው ነበር። ላፕቶፑ ላይ ያለው መስኮት ነጭ ሆነ አሉኝ። ከላይ «መልስ አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ መጣበት። ማውሱን አንቀሳቀሱት፣ ዝም አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁት፣ ዝም አለ። በመጨረሻ እንደ አሮጌው ኮምፒውተር ጠፍቶ ሲበራ ይሻለው ይሆናል ብለው ማጥፊያውን ተጫኑት።

«ሞቷል ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

አልሞተም ነበር። እየሠራ ነበር። የተገለበጠው ግን ሁሉም ሲያልቅ በአንድ ጊዜ እንዲቀመጥ ስላደረግሁት አንድም ካርድ አልተረፈም። ዲስኩም ያን ያህል ሰዓት በከንቱ ደከመ።

ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። በፕሮግራሙ ውስጥ ካርዱን የሚገለብጠውንና መስኮቱን የሚያሳየውን ሥራ እንደ አንድ ሠራተኛ ለሆነ አንድ ክፍል ብቻ ሰጥቼ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ጓዳ ገብቶ ከባድ ዕቃ ሲያነሣ በር ላይ የሚያንኳኳውን ሊመልስ አይችልም። የሚያንኳኳው ደግሞ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ይሄዳል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። ስቸኩል ረሳሁት።

ማታ ልጄ የቤት ሥራዋን በምትሠራበት ጠረጴዛ ላይ እኔም የእኔን ሠራሁ። አንዱ ጓዳ ሆኖ ይገለብጣል፣ ሌላው በር ላይ ቆሞ የደረሰበትን ይናገራል። እያንዳንዱ ካርድ እንደተነበበ ወዲያው ይቀመጣል። እየሞላ የሚሄድ አረንጓዴ መስመር አደረግሁ፤ ከሥሩ አሁን የሚነበበው የካርድ ቁጥርና የሚቀረው ጊዜ አለ። አንድ ሐሳብ ደግሞ መጣብኝ። ካርዱ ቢዘገይም መስመሩ በራሱ ትንሽ ትንሽ እንዲሄድ ባደርገው እትዬ አይደነግጡም። ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። «በሚገባ ተጠናቋል» ትዝ አለኝና ተውኩት። ከታች፣ በማናቸውም ፕሮግራም ላይ እንደሚታየው፣ አንድ ቁልፍ አስቀመጥኩ፤ «ሰርዝ» የሚል።

ልጄ ደብተሯን እየዘጋች የእሷም ካርድ እዚያ ውስጥ እንዳለ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ልጄን ከትምህርት ቤት እንድታመጣልኝ ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ፣ በማርያም ደጅ ሳልፍ ወርጄ ተሳለምኩ። ብዙ መለመን አልችልበትም። ያቺን አንድ ስም ብቻ አሳዪኝ አልኳት።

ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን። እትዬ ቢስሚላህ ብለው ወንበራቸውን ከእኔ ጎን አስጠጉ። መስመሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄኛው ይናገራል» አሉ።

ቁጥሮቹ ሲያልፉ እሳቸው ልጆቹን ያዩ ነበር። የዚህ እናት ላፍቶ ቅመም ትሸጣለች ይላሉ። ይኼ መንታ ነው፤ ሌላኛው ቀጥሎ ይመጣል ይላሉ፤ ይመጣልም። አንዱ ቁጥር ሲያልፍ ጣታቸውን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። አልጠየቅኋቸውም። የረቡዕዋ ልጅ ቁጥር ገና ሩቅ ነበር። በትንሽ ወረቀት ጽፈው ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ለጥፈውታል።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን መስመሩ ከግማሽ አልፎ ቆመ።

የካርድ ቁጥሩ አልቀየር አለ። ዲስኩ ድምፁን ለወጠ፤ አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ ይፍቅ ጀመር። የሚቀረው ጊዜ ሦስት ሰዓት ይል የነበረው አምስት ሰዓት አለ። ቀጥሎ ዘጠኝ ሰዓት አለ። ቀጥሎ ሦስት ቀን አለ። ከዚያ ተመልሶ ሃምሳ ደቂቃ አለ።

«ይሄስ የታክሲ ረዳት ሆነ» አሉ እትዬ። «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው እያለ ሲያስቀምጥሽ ይውላል።»

ሳቅሁ፤ ዓይኔን ግን ከቁጥሩ አላነሣሁም። የተበላሸ ቦታ ላይ ደርሷል። አንዱን ካርድ ላንብብ እያለ ደጋግሞ በፋቀው ቁጥር ዲስኩ ጨርሶ የሚሞትበት ጊዜ ይቀርባል። የልጅቷ ካርድ ከዚያ ወዲያ ነው። ማቆም አለብኝ። ዲስኩ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ከመጨረሻው ካርድ ጀምሬ ወደ ኋላ ልምጣ፤ የታመመውን ቦታ ከነካሁትም መጨረሻ ላይ ልንካው አልኩ። ማውሱን ወደ ቁልፉ ወሰድኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ።

«ልሰርዘው ነው፣ እትዬ።»

እጄን ያዙኝ። ጠንከር አድርገው ነው የያዙኝ። በሌላ እጃቸው መሳቢያቸውን ከፈቱና ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ ካርድ የምሰርዘው በዚህ ነው» አሉ። «ልጁ ሲሞት። ከላይ እስከ ታች አሰምርበታለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። በሌላ ምክንያት ሰርዤ አላውቅም።»

ቁልፉ እንደዚያ ማለት እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ካርዶቹን አይነካም፣ መገልበጡን ብቻ ያቆማል፣ የተገኘው እንዳለ ይቀመጣል አልኳቸው። ዲስኩ እየፋቀ ነው። ቶሎ ቶሎ ነበር የማወራው።

«ታዲያ ለምን ሰርዝ አልሽው?»

«ሁሉም ፕሮግራም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሁሉም ማነው?»

ዕድሜዬን ሙሉ ያን ቃል በመስኮት ግርጌ ሳስቀምጥ አንድ ቀን እንኳን ጮክ ብዬ አንብቤው አላውቅም። ምን እንደሚል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እጄን ለቀቁኝ። ፊታቸውን ግን አዞሩ፤ ሲጫን ማየት አልፈለጉም። ተጫንኩት።

መስኮቱ አልተዘጋም። በአረንጓዴው መስመር ፋንታ አዲስ ጽሑፍ ወጣ። ይህንንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። «በመሰረዝ ላይ። እባክዎ ይጠብቁ።»

እትዬ ዞር ብለው አነበቡት። አንድ በአንድ፣ ድምፃቸው እየቀነሰ ነው ያነበቡት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ያ ረቢ ሲሉ ሰማሁ።

ለምን እንደዘገየ አውቃለሁ። ፕሮግራሙ የጀመረውን ካርድ መሐል ላይ አይጥልም፤ ዲስኩ አልቻልኩም እስኪል ይጠብቃል። ዲስኩ ደግሞ አልቻልኩም ለማለት ጊዜ ይወስዳል። አውቃለሁ፤ ግን ፈራሁ። ማታ የጻፍኩትን መስመር በመስመር በልቤ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ አስቀምጥ፣ ቀጥሎ ዝጋ ነው ያልኩት? ወይስ ዝጋ ብዬ ነው አስቀምጥ ያልኩት? አንዴ እንደዚህ ይመስለኛል፣ አንዴ እንደዚያ። ከጠዋት ጀምሮ ያለፉት ቁጥሮች፣ ባለ ቅመሟ፣ መንታዎቹ፣ ሁሉም በዚያች አንዲት ቅደም ተከተል ላይ ናቸው። ገመዱን ልንቀለው ብዬ እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ሰኞ እትዬ ማጥፊያውን ለምን እንደተጫኑት ያን ጊዜ ገባኝ። ዝም ካለ ነገር ፊት መቀመጥ ከባድ ነው፤ ሲናገር ክፉ የሚናገር ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

እመቤቴ፣ እመቤቴ እያልኩ ነበር። ከዚህ ሌላ የምለው አልነበረኝም። እትዬም በጎኔ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሁለታችንም ወደ አንድ መስኮት እያየን ነበር የምንለምነው።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ዲስኩ ጸጥ አለ። መስኮቱ ተዘጋ።

የተገለበጡት የተቀመጡበትን ፋይል ፈለግሁ። ከፈትኩት። ካርዶቹ አሉ። የመጀመሪያው አለ። መንታዎቹ ጎን ለጎን አሉ። ከመቆሙ በፊት የነበረው የመጨረሻው ካርድም አለ።

«አሉ፣ እትዬ።»

አልሃምዱሊላህ አሉ። እኔም ተመስገን አልኩ። ወዲያው ተነሥተው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቀይ እስክሪብቶ መሳቢያው ውስጥ መለሱት።

ዲስኩ እንዲቀዝቅዝ ግማሽ ሰዓት ፈለግሁ። በዚያ ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት የሚያነበውን አስተካከልኩ። እትዬ ግን ቃሉ ሳይቀየር አይጀመርም አሉ። ለሥራው ለውጥ አያመጣም ብላቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ተውኩት። ምን ልበለው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማቆም ነው ያልሽኝ አይደል?»

«አዎ።»

«አቁም በዪዋ። የተገኘው እንደሚቀመጥም ይናገር።»

«አቁም፤ የተገኘው ይቀመጣል» ብዬ ጻፍኩት። ለቁልፍ ረጅም ነው፤ ቁልፉን አሰፋሁት። «በመሰረዝ ላይ» የሚለውንም «የጀመረውን ካርድ እየጨረሰ ነው» አልኩት። የሚቀረውን ጊዜ አጠፋሁት፤ አያውቀውም። በቦታው የመጨረሻው ካርድ ከተነበበ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ እንዲያሳይ አደረግሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ተነሣ። አሁን ቁጥሮቹ ወደ ታች ነው የሚሄዱት። ዲስኩ ከጠዋቱ ይልቅ ደክሟል። እትዬ ታሪክ መናገራቸውን ተዉ። እኔ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ወረቀትና የሚያልፈውን ቁጥር አየሁ፤ ወረቀቱን፣ ቁጥሩን። መቶ ሲቀረው አንድ ካርድ ላይ አራት ደቂቃ ቆመ። ቁልፉን ለመጫን ዞር ብዬ ሳያቸው «ትንሽ ጠብቂው» አሉኝ። ጠበቅሁ። አለፈ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የልጅቷ ቁጥር መጣና ሄደ። ከሌሎቹ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም፤ እንደ ሌላው አንድ ሰከንድ ነው የታየው። መስመሩ እየሄደ ሳለ ካርዷን በሌላ መስኮት ከፈትኩት። ክብደቷ፣ ቀኖቹ፣ የሐኪሙ ማስታወሻ። ከዚያ በትልልቅ ፊደል አይሰጣት የሚል፣ ከጎኑም ስሙ።

እትዬ የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ እንድነግራቸው ጠየቁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፉት። ጽፈው ሲጨርሱ መልሰው አነበቡልኝ፤ እኔ ከስክሪኑ ጋር አስተያየሁ። ሌላ ወረቀት አውጥተው ደግመው ጻፉት። አንዱን ለሐኪሙ፣ አንዱን ለራሳቸው አሉ። ፍላሽ አላመኑም፤ አልፈረድኩባቸውም።

ፕሮግራሙ ወደታመመው ቦታ ሲደርስ ዲስኩ ጥቂት ሞከረና እስከ ወዲያኛው ዝም አለ። ሃያ ሦስት ካርዶች አልተገኙም፤ ፍላሹም ላይ አልነበሩም። መስኮቱ ተጠናቋል እንዳይል አድርጌው ነበር። የተገኙትን ብዛት ተናገረ፣ ቀጥሎ ያልተገኙትን ቁጥር በቁጥር ዘረዘረ። ሃያ ሦስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበብኩ። ያ የሞላ ፍላሽ ባይኖር፣ ያ ውሸት ባይኖር አንዱም አይጠፋም ነበር። ይህን ለእትዬ ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉና ዝርዝሩን አነበቡ። ስልካቸውን አወጡ። የእናቶቹን ስልክ በራሳቸው አመዘጋገብ ይዘውታል፤ አንዷ የግራኙ እናት ናት፣ አንዷ ፎቁ ሥር ያለችው፣ አንዷ ዘወትር የምታረፍደዋ። የመጀመሪያዋን ደወሉላት። የልጇ የክትባት ካርድና የመድኃኒት ወረቀት ቤት እንዳለ ጠየቋት፤ በሚቀጥለው ስትመጣ ሁሉንም እንድታመጣ ነገሯት። ስምንቱን የዚያኑ ዕለት አገኙ። ሌሎች አሥሩን በሳምንታት ውስጥ። አምስቱን እስከ ዛሬ አላገኘናቸውም። ስጸልይ ቁጥራቸውን እጠራለሁ፤ ስማቸውን አላውቀውም።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ አልነበረኝም፤ ግን ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር መጣች። ቀጭን ናት፤ ግንባሯ ላይ የወደቀችበት ጠባሳ አለ። እትዬ ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው ወደ ሐኪሙ ገቡ። ብዙ ቆዩ። እናትየው በሩን በሩን እያየች ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«እዚህ ቤት ደግሞ ሰው ማስጠበቅ ይወዳሉ» አለችኝ። «አንድ ወረቀት ለማየት ይሄን ያህል?»

«አሁን ይጠሩሻል» አልኳት።

በሩ ተከፈተ፣ ተጠሩ፣ ገቡ። ሲወጡ እናትየው አዲስ የመድኃኒት ማዘዣ ይዛለች። እትዬ ከኋላዋ ብቅ ብለው ዓይኔን አዩና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪሙ ሌላኛውን ነው ያዘዘላት። እናትየው ታክሲ እንዳያመልጣት የልጇን እጅ ይዛ ፈጠን ፈጠን እያለች ወጣች።